ከፎቅ ላይ የታየ ሰው

ሥነ ጽሑፍ ለረጅም ዓመት ያስተማረ ሰው፣ ሥራውን ቢተው እንኳ የማይተወው አንድ ክፉ ልማድ ይተርፈዋል፤ ሰውን እንደ ገጸ ባሕርይ ማየት። ባንክ ተሰልፎ፣ ታክሲ ውስጥ ተጣብቦ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሳይቀር «ይሄ ሰውዬ ማን ነው? ምን ፈልጎ ነው? ታሪኩስ ከየት ይጀምራል?» ይላል። እኔም ከማስተማሩ ከወጣሁ ብቆይም ከዚህ በሽታ አልዳንኩም። ዛሬ የማወጋችሁ በዚሁ ልማዴ የተነሳ ስላፈርኩበት አንድ ቀን ነው። ወሬው ስለ ሲኒማ ነው፤ ግን መቀሌ ላይ ይጀምርና እዚያው መቀሌ ላይ ያበቃል።

ጊዜው ግንቦት 2015 ዓ.ም. ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ሰባት ወር፣ አየር መንገዱ ወደ መቀሌ መብረር እንደገና ከጀመረ አምስት ወር ሆኖታል። ድሮ ያስተማርኩት፣ አሁን ራሱ እዚያው መቀሌ አስተማሪ የሆነ ልጅ «ሮማናት እንገናኝ» ብሎ ቀጠረኝ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በዚሁ ስም የሚጠራ ፏፏቴ ስላለ እንግዳ ሰው «የቱ ሮማናት?» ማለቱ አይቀርም። በከተማው ሰው አፍ ግን መሐል ከተማ ያለው አደባባይ ነው። ቀደም ብዬ ደረስኩና አደባባዩን ቁልቁል ከሚያሳይ አንድ ቡና ቤት ፎቅ ላይ ወጣሁ። ሰገነቱ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ማኪያቶ አዘዝኩ፤ ማስታወሻ ደብተሬንም አወጣሁ።

መቼም አደባባይ ከላይ ሲታይ ደስ ይላል። ባጃጆቹ እየተሽሎከለኩ ያልፋሉ። ሊስትሮዎቹ ሳጥናቸውን እያንኳኩ ደንበኛ ይጠራሉ። ነጭ ነጠላ ያጣፉ እናቶች ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳሉ። ከዚህ ሁሉ መካከል ዓይኔን የያዘው ግን አመድማ ጃኬት የለበሰ አንድ ረዘም ያለ ሰው ነበር። አደባባዩን አንድ ጊዜ ዞረ። ቆም ብሎ ሰዓቱን አየ። እንደገና ዞረ። ቀና ብሎ ወደ ፎቆቹ ተመለከተ። ሦስተኛ ዙር ጀመረ። እኔ ሆዬ ደብተሬን ገልጬ «የሚጠብቀው ሰው አለ፤ ወይም የሚከታተለው» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ይህን ያህል እርግጠኛ ያደረገኝ ምንድን ነው? ሲኒማ ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ወደ ማስተምርበት ክፍል ልመልሳችሁ።

የገጸ ባሕርይ አሳሳልን ሳስተምር ከመጽሐፍ ይልቅ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞችን መጠቀም እወድ ነበር። ምክንያቱም እንዲህ ያለ ፊልም ጊዜ የለውም። ዋናው ሰው ማን እንደሆነ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ካልነገረን ልባችንን አንጠልጥሎ ሊወስደን አይችልም። ደግሞም «እገሌ የሚባል ጎበዝ ሰው ነበር» ብሎ ቢነግረን እንስቅበታለን፤ ማሳየት አለበት።

ጀርመናዊው ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 «ኤም» በተሰኘው ፊልሙ ሕፃናትን የሚገድል ሰው ሲያስተዋውቀን ፊቱን አላሳየንም። አንዲት ልጅ ኳሷን እያነጠረች ትመጣለች። ኳሷን የምታነጥርበት ዓምድ ላይ ገዳዩን ለጠቆመ ሽልማት እንደሚሰጥ የሚናገር ማስታወቂያ ተለጥፏል። በማስታወቂያው ላይ የሰው ጥላ ያርፍበታል፤ ጥላው ጎንበስ ብሎ ልጅቱን ያናግራታል። ከዚያ ፉጨቱ ይሰማል። በዚያው ሰዓት እናትየው ቤት ውስጥ ምሳ አቅርባ ትጠብቃለች። ጥላ፣ ፉጨትና ባዶ ወንበር፤ በቃ፣ ሰውየውን አወቅነው። (ፉጨቱ የተዋናዩ የፒተር ሎሬ አይደለም፤ እሱ ማፏጨት አይችልበትም ነበርና ያፏጨለት ዳይሬክተሩ ራሱ ነው።)

ሂችኮክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 በሠራው «ሪር ዊንዶው» አንዲት ቃል ሳያናግር ሙሉ የሕይወት ታሪክ ነገረን። ካሜራው የጎረቤቶቹን መስኮቶች ይዞርና በሙቀቱ ያላበው አንድ የተኛ ሰው ጋ ይደርሳል። እግሩ በጀሶ ታስሯል። ቀጥሎ የተሰባበረ ፎቶ ማንሻ ይታያል። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የእሽቅድድም መኪና ጎማዋ ተነቅሎ ወደ ካሜራው ሲበር የሚያሳይ ፎቶግራፍ። ቀጥሎ የቆንጆ ሴት ምስል። ሰውየው ከእንቅልፉ ሳይነሳ ሥራው ምን እንደሆነ፣ እግሩን ምን እንደሰበረው፣ ልቡስ ማን ጋ እንዳለ አወቅን። ጀምስ ቦንድም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1962 በ«ዶክተር ኖ» መጀመሪያ ሲመጣ ቁማር ጠረጴዛ ላይ ካርታ የሚጫወት እጁን ነው ያየነው። ፊቱና ስሙ የመጡት ማሸነፉን ካየን በኋላ ነው።

ከዚህ ለተማሪዎቼ የማወጣላቸው ትምህርት ግልጽ ነበር። ሥራ ይቀድማል፤ ስም ይከተላል።

የኛ ባህል ግን የተገላቢጦሽ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» እንላለን። ፎካሪው ጀግንነቱን ከመቁጠሩ በፊት አባቱን፣ አያቱን፣ አገሩንና የፈረሱን ስም ይጠራል። አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጼ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ነበሩ። የአጼ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት እዚያው መቀሌ ከተማ ውስጥ ነው፤ ወደዚያ ግቢ የሚገባ እንግዳ መቼም በምን ሙያ ሳይሆን በማን ዘር መታወቁ አይቀርም ነበር። ሲኒማችንም ሲወለድ ይኸው ጥያቄ ተከትሎት ተወለደ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የመጀመሪያው የአማርኛ የሙሉ ጊዜ ፊልም ርዕሱ ምን ነበር? «ሂሩት አባቷ ማነው?» ገና ፊልሙ ሳይጀመር፣ ገና ሂሩትን ሳናያት፣ ስለ እሷ ልናውቀው የሚገባን ትልቁ ነገር አባቷ ነው!

እንዲህ ስል ባህላችንን ላጣጥል አይደለም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቀዬ «የማን ልጅ ነህ?» ማለት «ማን ዘንድ ልውሰድህ? ለማን ልንገርልህ?» እንደማለት ነው። ጥያቄው እንግዳ መቀበያ ነበር። ነገሩ የተበላሸው ጥያቄው ከደጃፍ ወጥቶ ኬላ ላይ የቆመ ጊዜ ነው። መታወቂያ ላይ «ብሔር» ተብሎ ተጻፈ። በጦርነቱ ዓመታት ደግሞ ሰው ምን እንደሠራ ሳይጠየቅ በስሙና በአፉ ለዛ ብቻ ተጠርጥሮ ከመኪና ሲወርድ፣ ሲታሰር፣ ከዚያም የከፋ ሲደርስበት ሰማን፤ ያየንም አለን። የአባት ስም መተዋወቂያ መሆኑ ቀርቶ ማስረጃ ሆነ። ስለዚህ «ሥራ ይቀድማል፤ ስም ይከተላል» የሚለው የፊልም ትምህርቴ ከክፍል ውጭም ይሠራል ብዬ አምን ነበር። ሰውን በስሙ አትፍረድ፤ የሚያደርገውን እይ። ሮማናት ላይም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። የሰውየውን ስም አልጠየቅኩም፤ ዘሩን አልመረመርኩም። እያየሁት ብቻ ነበር። ታዲያ ምን አጠፋሁ?

ያጠፋሁትን የሚነግረኝ ደግሞ ሌላ ፊልም ነው፤ ያውም ራሴ ያስተማርኩት።

ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ እ.ኤ.አ. በ1974 «ዘ ኮንቨርሴሽን» የተባለ ፊልም አወጣ፤ በዚያው ዓመትም የካን ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት አገኘበት። ፊልሙ የሚጀምረው አደባባይ ላይ ነው፤ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ዩኒየን አደባባይ። ካሜራው ከፎቅ በላይ ሆኖ ሦስት ደቂቃ ያህል እየተሳበ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይቀርባል። ሕዝቡ ከሥር ጉንዳን ይመስላል። ባንድ ይጫወታል። ፊቱን ነጭ የተቀባ አንድ አስመሳይ መንገደኛውን እየተከተለ በአረማመዱ ያሾፍበታል። ከሚከተላቸው አንዱ ስስ ግራጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰ፣ ሽሽት ሽሽት የሚል ሰው ነው። እኛ ግን ልብ አንለውም። ልብ የምንለው አደባባዩን እየዞሩ የሚያወሩትን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነው። የሚዞሩት ሰው እንዳይሰማቸው ነው። በዚህ መሐል ጣሪያ ላይ፣ አነጣጥሮ ተኳሽ የሚመስል ሰው በመነጽር አነጣጥሮባቸው እናያለን። ልንጮህ ስንል የያዘው ጠመንጃ ሳይሆን የሩቅ ድምፅ የሚስብ ማይክሮፎን ሆኖ ይገኛል።

የፊልሙ ዋና ሰው ጥንዶቹ አይደሉም። ያ አስመሳዩ ያሾፈበት ባለ ካፖርት ነው። ስሙ ሃሪ ኮል ነው፤ ጂን ሃክማን ነው የሚጫወተው። ሥራው ለከፈለው ሁሉ የሰው ወሬ መጥለፍ ነው። እኛ ለዚህ «ጆሮ ጠቢ» የሚል ከማንም የተሻለ ቃል አለን። ኮፖላ ያደረገውን አያችሁ? ዋናውን ሰው ከሕዝቡ መሐል ደብቆ አሳየንና ሳናውቀው አሳለፈን። ከላይ ሆነን ሁሉን ያየን መስሎን ዋናውን አላየነውም።

ቀሪው ፊልም ሃሪ ኮል የቀዳውን እየደጋገመ ሲያዳምጥ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትይዘዋለች። ጥንዶቹ ሊገደሉ ነው ብሎ ይደመድማል። ቃላቱን አንድ በአንድ በትክክል ሰምቷል፤ የተሳሳተው የትኛው ቃል ላይ ጫን እንዳሉ ነው። ይህን ለእንግሊዝ ተማሪ ማስረዳት ይከብድ ይሆናል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ቀላል ነው። «አለ» ስንል ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ መኖሩን ያበስራል። «ገና» ላልቶ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ጠብቆ በዓል ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ከተናጋሪው ጋር በቅርብ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ሃሪ ኮል ሁሉን ሰማ፤ ማጥበቅና ማላላቱን ግን ከጣሪያ ላይ መስማት አልቻለም። መጨረሻ ላይ እሱም ራሱ መጠለፉን ይነግሩታል። ጆሮ ጠቢው የተደበቀውን ማይክሮፎን ፍለጋ የገዛ ቤቱን ወለል ከነቀለ በኋላ ፊልሙ ያልቃል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይሉ የለ አበው!

ያ ፊልም የወጣበት ዓመት ለኛም ለነሱም ክፉ ዓመት ነበር። አሜሪካኖቹ የፕሬዚዳንታቸውን የኒክሰንን የምሥጢር ቴፖች ሲያዳምጡ ከርመው በነሐሴ ሥልጣኑን ሲለቅ አዩ። እኛ ዘንድ ደግሞ አብዮቱ ፈንድቶ ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወረዱ። ቀጥሎ በመጣው ዘመን ጆሮ ጠቢ የሚለው ቃል ከዕለት እንጀራ ጋር አብሮ የሚቀርብ ሆነ። ሰው በገዛ ቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ለመደ። በዓሉ ግርማ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ዙሪያ ፍቅርንና ስለላን አጠላልፎ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። የኛ ልብ አንጠልጣይ እንዲህ ነው፤ ከመጽሐፉ ወጥቶ ጸሐፊውን ይዞት ይሄዳል።

«ጋሼ!»

ተማሪዬ መጣ። ከስቷል፤ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ፈገግታው ግን ያው ነው። ተቃቅፈን ከተሳሳምን በኋላ ወንበር ሳብኩለት። አልተቀመጠም።

«ጋሼ፣ ቅር ካላለዎት ወደ ውስጥ ብንገባስ? እዚያ ጥግ ጋ።»

«እንዴ! እይታው እንዲህ እያማረ?»

«እሱማ ያምራል። እኔ ግን ሰማይ በሚታይበት ቦታ መቀመጥ ትቻለሁ።»

ይህን የተናገረው እንደ ቀላል ነገር ነው፤ «ስኳር ትቻለሁ» እንደማለት። ገብተን ጥጉን ያዝን። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ ደጋግማ ከአየር መመታቷን አውቃለሁ፤ ዜናውን በየጊዜው አንብቤዋለሁ። ማንበብና ወንበር መምረጥ ግን የተለያዩ ናቸው። እሱ ደግሞ ይህን ፍርሃት የወረሰው ዛሬ አይደለም። ቤተሰቡ የሐውዜን አካባቢ ሰዎች ናቸው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ገበያ ቆሞ ሳለ የደርግ የጦር አውሮፕላኖች ሐውዜንን ለሰዓታት ደበደቡ፤ ከ2 ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ገበያው ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል እኔ ያን ቀን ጠዋት ከሰገነቱ አይቼዋለሁ። ነጭ ነጠላ፣ እንስሳት፣ ወዲያ ወዲህ የሚል ሕዝብ። ከበቂ ከፍታ ላይ ሆኖ ላየው ሁሉም ተጠርጣሪ ነው።

«ያን ፊልም ያስታውሳሉ?» አለኝ ልጁ ቡናው እስኪመጣ። «ጣሪያ ላይ ያለው ሰውዬ፣ ጠመንጃ የያዘ የመሰለን። ማይክሮፎን መሆኑን ሲነግሩን ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ‹ተመልካች ሁሉ መጀመሪያ ከጣሪያው ሰውዬ ጋር ነው የሚቆመው› ብለውን ነበር። ያኔ አልገባኝም ነበር።»

እኔም እንዲያ ማለቴን ረስቼው ነበር። ነገር ላስቀይስ ብዬ ደብተሬን አወጣሁና ስለ አመድማው ጃኬት ነገርኩት። ከመስኮቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየና ሳቀ።

«እሳቸው? እሳቸው እኮ ሂሳብ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። ስኳር አለባቸው። ያ መድኃኒት የጠፋ ጊዜ የቀራቸው መድኃኒት በእግር መሄድ ብቻ ነበር። ራቅ ብለው መሄድ ስላልቻሉ አደባባዩን መዞር ያዙ። አሁን መድኃኒቱ ከመጣም በኋላ አልተዉትም። ሰዓታቸውን የሚያዩት ለዚያ ነው።»

«ወደ ፎቆቹ ቀና የሚሉትስ?»

«ይሄን እንኳ አላውቅም። እንጠይቃቸዋ!»

ወረድን። ሰውየው አራተኛ ይሁን አምስተኛ ዙራቸው ላይ ነበሩ። ተማሪዬ ሮጥ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ፤ በትግርኛ ጥቂት ተባባሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ የድሮ አስተማሪ በሚናገረው ጥንቅቅ ባለ አማርኛ፣

«አዎን፣ እርስዎን አየሁዎት» አሉኝ። «ስዞር እየጻፉ አገኘሁዎት። እንደገና ስዞርም እየጻፉ ነው። በሦስተኛው፣ ‹ይሄ ሰውዬ ማን ነው? ምን ፈልጎ ነው?› አልኩ።»

ደነገጥኩ። ለካ ቀና ይሉ የነበረው እኔን ለማየት ነው! ከሌላ አገር የመጣ፣ ማንም የማያውቀው ሰው፣ ከጦርነት በወጣች ከተማ ፎቅ ላይ ወጥቶ፣ ሕዝቡን ቁልቁል እያየ ደብተር ላይ ይጽፋል። ማንም የፊልም ሰው ይህን ቢያይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቀዋል። ባለ ግራጫ ካፖርቱን ፍለጋ አደባባይ ሙሉ ሕዝብ ስመረምር፣ ካፖርቱን የለበስኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ትምህርቴ ጎደሎ እንደነበር ገብቶኛል። ስም ውሸት ሊናገር ይችላል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ከሩቅ የታየ ሥራም እንደዚያው ይዋሻል። በእግር የሚዞረው ሕመምተኛ ሰላይ ይመስላል፤ የሚጽፈው ሥራ ፈት ጠላት ይመስላል። ፊልም ሠሪ ይህን ለማረም አንድ ሰዓት ተኩል አለው፤ ዋናውን ሰው በመጨረሻ አቅርቦ ያሳየናል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ትዕይንት አይተን ተነስተን እንሄዳለን፤ ያውም ፍርድ ይዘን።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ለምን ይቅርታ እንደጠየቅኩ ግን በደንብ አላስረዳሁም። እሳቸውም አልጠየቁም። ሰዓታቸውን አይተው፣

«ሁለት ዙር ይቀረኛል» አሉ። «ቆሞ ማውራት ተከልክያለሁ። የሚሄዱ ከሆነ አብረን እንሂድ።»

ሦስት ሆነን አደባባዩን ዞርነው። እሳቸው ስለ ሂሳብ፣ እኔ ስለ ሲኒማ፣ ልጁ በመሐላችን ሆኖ ስለ ሁለታችንም አወራን። ደብተሬን ኪሴ ከትቼው ነበርና ከተባባልነው ብዙውን አላስታውሰውም። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ቀና ብዬ ወደ ሰገነቱ አየሁ። እኔ ተቀምጬበት የነበረው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ቁልቁል ያየናል።